ስዊቹ ሥር የቆመው ሰው

ተድላ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚሉ አሉ። ጻድቅ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ወገን ሱቄ ውስጥ ቁጭ አድርጌ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም የማያውቁትን ነው የሚያወሩት። እኔ ነቀምቴ ከተማ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምሸጥ ሴት ነኝ። ስሜ ሶፊያ ነው፤ ነቀምቴ ሶፊ ይለኛል። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ሽቦና ሶኬት ስንሸጥ ኖረናል። ተድላ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ዓመታት ስለኖረ ጠባዩን አውቀዋለሁ። መጥረቢያ ይዞ ሲፈልገው የነበረው ሰው አምና ታሞ ሞተ፤ ተድላም ጓደኛው ነመራም «አሁንማ ጻፊው» ብለውኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ደስ የማይለው አያንብበው።

ተድላ የመስመር ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥል። የተወለደው ምሥራቅ ወለጋ፣ ኪራሙ ነው። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ኦሮምኛውን የተማረው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በኦሮምኛ እየተሰደበና በኦሮምኛ መልሶ እየተሳደበ ስለሆነ እስከ ዛሬ ስድቡ ከሰላምታው ይቀናዋል። አማርኛው ግን የእናቱ የወሎ አማርኛ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናደድ ዝም የሚል ሰው ነው። እኔ ሲናደድ ዝም የሚል ሰው አልወድም፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

ነመራ የነቀምቴ ልጅ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ እሑድ ቸርች የማይቀር፣ ከመዘምራኑ ሁሉ ድምፁ የሚወፍር። ጴንጤ ስለሆነ አይምልም። ከእኔ ዕቃ ሲገዛ «ወላሂ በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም» ስለው «ሶፊ፣ ሳትምዪ ብትሸጪልኝ ምን አለ?» እያለ ያሾፍብኛል። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ መኪና ነው የሠሩት። አንዱ የሌላው ምሳ ዕቃ ውስጥ ሳያስፈቅድ እጁን ይከታል። በጾም ቀን ነመራ ሥጋ ይዞ ሲመጣ ተድላ ይረግመዋል፤ ጠባቸው ያችው ብቻ ነበረች።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስዊቹ ሥር ይቆማል። ስዊቹ ራሱ ምሰሶው አናት ላይ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው የብረት እጀታ ግን ታች፣ በሰው ደረት ትክክል ነው ያለው። እጀታውን ወደ ላይ ሲገፉት መስመሩ ይጠፋል፤ ወደ ታች ሲስቡት ይበራል። ሰው ሽቦ ላይ ባለበት ሰዓት ማንም እንዳይስበው እጀታው ላይ ጓጉንቸር ይገባል። ቁልፉን ደግሞ የሚወጣው ሰው ኪሱ ከትቶ ይወጣል። እንግዲህ ታች የቀረው ቢሰክርም፣ ቢያብድም፣ ጠመንጃ ቢደገንበትም ማብራት አይችልም። ነመራና ተድላ አንድ ጓጉንቸር ነበራቸው፤ መስመሩም አንድ ስለነበረ አንዱ በቂ ነበር።

መከራው የጀመረው ከዚያው ከአንድ መስመር ነው። ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን የሚወርደው መስመር አንድ ስለሆነ አንድ ምሰሶ ከተጣለ ቆላው በሙሉ ይጨልማል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ምሰሶ መጣል እንደ ሥራ ተያዘ። አንዱ ወገን ለሌላው እንዳይበራ ይቆርጣል፣ ሌላው መልሶ ይቆርጣል፣ ሌባው በመሀል ገብቶ መዳቡን ይወስዳል። ትራንስፎርመር በጥይት ወንፊት አድርገው ዘይቱን መሬት ላይ አፍስሰው ይሄዳሉ። ጉቲን ሳምንታት ጨልማ ከርማ ሴት በስልክ መብራት ስትወልድ ደሟ የት እንደሚፈስ ሳይታይ ሞተች ብሎ ተድላ ሲነግረኝ፣ እኔ ጄኔሬተር የምሸጥ ሰው አፈርኩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ገበያዬ የሚደራ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚነግረኝ ግን የለም።

ከዚያ ኪራሙ ነደደች። የተድላን ታላቅ ወንድም ኡራኤልን ደጁ ላይ በጥይት ጥለው ቤቱን ከነእህሉ አቃጠሉት። በዚያው ሰሞን የነመራን የወንድም ልጅ ከጉቲን ሲመለስ ከተሳፈረበት አይሱዙ አውርደው በገጀራ ቆራርጠው መንገድ ዳር ጣሉት። ልጁ የሮቤራ የበኩር ልጅ ነበር፤ ሮቤራ የነመራ ታላቅ ወንድም ነው። ኡራኤልን የገደሉት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው ተባለ። የሮቤራን ልጅ የገደሉት አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው ተባለ። እኔ ሁለቱንም ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ሁለቱም ዘንድ የሰማሁት እርግማን አንድ ዓይነት ነው።

ተድላ ወንድሙን ለመቅበር መሄድ አልቻለም፤ መንገዱ ዝግ ነበር። ከሱቄ ጀርባ በክፍሉ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ለቀስተኛ ነመራ ነው። ገብቶ እስኪመሽ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የነመራ የወንድም ልጅ ሬሳ ሲመጣ ተድላ ተነሥቶ ወደ ሮቤራ ድንኳን ሄደ። እንዳትሄድ ብዬው ነበር። ሮቤራ ድንኳኑ በር ላይ ያዘውና ከነጋቢው ጎትቶ ጭቃ ውስጥ ጣለው፤ ሆዱንም ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጠው። ነመራ ከድንኳኑ ወጥቶ ተድላን አነሣው፤ የገዛ ወንድሙን ልጅ ለቅሶ ትቶ እየደገፈ ወደ እኔ ይዞት መጣ። ሮቤራ ይህን ለነመራም አልረሳለትም።

ለሥራ ሲመለሱ መሥሪያ ቤታቸው ሁሉ ያየው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ማን ይወጣል፣ ማን ስዊቹ ሥር ይቆማል? ነመራ ወገቡን ታጥቆ ወጣ። ተድላ ታች ቆመ። በማግስቱ ተድላ ወጣ፣ ነመራ ቆመ። ወሬኞቹ አፋቸውን ዘጉ፤ ለጊዜው ነው እንጂ።

ብዙ ሳይቆይ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ሹፌራቸው ጂሬኛ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ተመቶ እዚያው ቀረ። ደሙ ነመራ ጭን ላይ ነበር የፈሰሰው። ሁለቱ በሆዳቸው እየተሳቡ ቦይ ውስጥ ገብተው ተረፉ፤ መኪናው ዓይናቸው እያየ ተዘርፎ ተቃጠለ። አብሮ የተወሰደው አንዱ ዕቃ የመሬት ሰንሰለታቸው ነው። ይህ በጠፋ መስመር ላይ የሚታሰር ወፍራም የመዳብ ገመድ ነው፤ መስመሩ በስህተት ቢበራ እንኳ ኃይሉን ሠራተኛው ላይ ሳይሆን ወደ መሬት ያወርደዋል። ሌላ መኪና ተሰጣቸው። ሌላ ሰንሰለት ግን በመምጣት ላይ ነው እየተባለ ወራት አለፉ።

በዚህ መሀል የመስመሩ ቀለበት መጣ። የአብስራ የምትባል ወጣት ኢንጂነር ናት ያመጣችው። አንድ ቀን ሱቄ ገብታ ከባንኮኒዬ ላይ ቁራጭ ሽቦ አነሣችና በጣቷ ክብ አድርጋ አሳየችኝ። «አየሽ ሶፊ፣ እስከ ዛሬ ጉቲን የገመድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ነበረች። አሁን ከሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ መስመር ስበን ክብ እናደርገዋለን። በዚህ ቢቆርጡት በዚያ ይበራል።»

«ታዲያ እኔ ጄኔሬተሩን ለማን ልሽጠው?» አልኳት።

«ለሠርግ ቤት ሽጪው» ብላ ሳቀች። ልጅቷ የምትሠራውን ታውቅ ነበር። ሁለተኛው መስመር ሲያልቅ የጉቲን ጨለማ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረደ፤ ውኃው ተረጨ፣ ወፍጮው ዞረ፣ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ሠራ። ነገር ግን አዲስ አደጋ ይዞ መጣ። ከሁለት በኩል የሚመጣ ኃይል በሁለት በኩል ካልተዘጋ ሽቦ ላይ ያለውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሁለት ስዊች፣ ሁለት ጓጉንቸር ያስፈልጋል። የአብስራም ሁለተኛውን ጓጉንቸር አመጣች፤ ሰዎቹ ሥራ ሲያልቅ እኔ ጋ እንደሚቀመጡ ስለምታውቅ ያመጣችው ወደ ሱቄ ነው።

ነመራና ተድላ በተቀመጡበት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነው። አንዱ በነቀምቴ በኩል፣ አንዱ ጉቲን አጠገብ ባለው ወንዝ በኩል። ሁለቱም ቁልፍ ከሚወጣው ሰው ጋር ይወጣል።»

ነመራ አንሥቶ አገላበጠው። «በወንዙ በኩል ስዊቹ ሥር ማን ይቆማል?»

«ተድላ።»

«ተድላ ከቆመ ጓጉንቸሩ ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም ጋሽ ነመራ፣ ደንብ ነው።»

«ደንቡን አውቃለሁ ልጄ። ግን ሰው ምን ይላል? ወንድሙ ሳይሞት አንድ ጓጉንቸር የበቃቸው ሰዎች ወንድሙ ሲሞት ሁለት አስፈለጋቸው ነው የሚለው። እሱ ላይ ቆልፌ ከወጣሁ ሮቤራ አትመነው ያለኝ ልክ ነበር ማለት ነው።»

«ይበሉ!» አልኩ እኔ። «ሰው ያለውን ሁሉ ብሰማ ኖሮ ይህን ሱቅ ድሮ በዘጋሁት። ተድላ፣ አንተ ውሰደው።»

ተድላ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። «እኔ ምን ብየ ልውሰደው?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እሱ ቆልፉብኝ ቢል ራሱን ፈርቶ ነው ይባላል። የአብስራ ተቆጣች፤ ትሞታላችሁ አለቻቸው በግልጽ። ነመራ ሳቀና ጓጉንቸሩን ወደ እኔ ገፋው። ኩራት ነበር፤ ደግነትም ነበረበት፤ እኔ ግን ያን ቀን በሁለቱም ላይ ጮህኩባቸው። አልሰሙኝም። ጓጉንቸሩን በኋላ ለአንዲት ዶሮ አርቢ ሸጥኩት።

አደጋው የደረሰው መስከረም ላይ ነው። ወንዙ አጠገብ አንድ ምሰሶ ተቃጥሎ ወድቆ አዲስ ተተክሏል፤ የቀረው ሽቦውን ማሰር ነው። ሁለተኛው መስመር በሥራ ላይ ስለነበረ በዚያ በኩል ያሉ መንደሮች በርቶላቸው ነው ያደሩት፤ ለሥራው ሲባል ጠዋት ተዘጋባቸው። በነቀምቴ በኩል ያለው ስዊች በአንዱ ጓጉንቸር ተቆለፈ። ነመራ ወንዙ ዳር ምሰሶው ላይ ወጣ። ተድላ ከኋላ፣ ከነመራ ምሰሶ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በበቆሎ ማሳ ጥግ ባለው ስዊች ሥር ቆመ። ነመራ ፊቱ ወደ ወንዙ፣ ጀርባው ወደ ተድላ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ይጮሃል።

ከበቆሎው ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ወጡ። የማን ወገን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሁለቱም ቋንቋ ይናገሩ ነበር አለኝ ተድላ። በዚያ አገር መሣሪያ የያዘ ሁሉ ስሙን አይናገርም።

«ትናንት መብራት ነበር» አለው አንዱ። «እናንተ መጣችሁ፣ ጠፋ። ለማን ነው ምልክት የሰጣችሁት?» መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ቀጥሎ ተኩስ ይመጣል የሚል ፍርሃት ቆላው ውስጥ የሌለበት ሰው የለም።

«ጥገና ነው። ሰው ሽቦ ላይ አለ» አላቸው ተድላ።

አላመኑትም፤ ወይም ግድ አልሰጣቸውም። አብራ አሉት። እምቢ አለ። በሰደፍ አፉን መቱት። ከዚያ ግራ እጁን የስዊቹ ምሰሶ የብረት እግር ላይ አስተኝተው ክንዱን ረግጠው ያዙና ጣቶቹን በሰደፍ አንድ በአንድ ይሰብሩ ጀመር። ጓጉንቸር ቢኖር ኖሮ «ቁልፉ እዚያ ላይ ባለው ሰው ኪስ ነው፣ ይውረድና ይስጣችሁ» ይላቸው ነበር፤ እውነትም ይሆን ነበር፤ አውርደው ይጠይቁት ነበር። እጀታው ግን ባዶውን ነበር። ወረደ።

ነመራ በቀኝ እጁ ሽቦውን ይዞ ነበር። ኃይሉ በእጁ ገብቶ ጉልበቱን ቀዶ ወደ ምሰሶው ብረት ወጣ። ከማሳው የሸሸ ገበሬ እሳቱን ከሩቅ አየሁ ብሏል፤ ከዚያ በፊት ያለውን አላየም። ሰዎቹ ፍንዳታውን ሲሰሙ ወደ በቆሎው ተመልሰው ገቡ። ተድላ እጀታውን መልሶ ወደ ላይ ገፋው፤ ሮጠ፤ በአንድ እጁና በክርኑ እየተንጠለጠለ ምሰሶው ላይ ወጣ። ነመራ በቀበቶው ተሰቅሎ ልብሱ ይነድ ነበር። በደረቱ ተጭኖ አጠፋውና በገመድ አወረደው። መኪናው አድርሷቸው ተመልሶ ስለነበር ገበሬው በጋሪ እስከ ጤና ጣቢያው አደረሳቸው፤ ከዚያ አምቡላንስ ወደ ነቀምቴ።

የነመራን ቀኝ ክንድ ከትከሻው ላይ ቆረጡት። ለተድላ ግራ እጁን በጀሶ አሰሩለት። ሁሉም የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። እጀታውን ማን ሳበው? ፖሊሱ ጠየቀው፣ የአብስራ እያለቀሰች ጠየቀችው፣ እኔ ጠየቅኩት። ሰዎች መጡ፣ ጣቴን ሰበሩ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ ዝም። ከሮቤራ ጋር የሚበላ የሚጠጣው ሁሉ መልሱን አግኝቷል፤ የወንድሙን ደም ተበቀለ፣ ጣቱን ያሰበረው ለማስመሰል ነው። ሰው ጣቱን ለማስመሰል አያሰብርም ብል ማን ይሰማኛል?

ነመራን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ሚስቱ ድርቤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዝንብ ትከላከልለታለች። ነቅቶ ነበር። ፊቱ ቆስሎ ከንፈሩ አብጦ ነበር፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «ፊቴ ወደ ወንዙ ነበር ሶፊ። ምንም አላየሁም።» ይህን ሲነግረኝ እንባው ወደ ጆሮው ይፈስ ነበር። ከመቃጠሉ ይልቅ ያ አለማየቱ ነው የከነከነው።

በዚያው ሳምንት ምሰሶው ላይ የቀረውን ሥራ ሌላ ቡድን በሁለት ጓጉንቸር ጨረሰው። ጉቲን በሁለቱም በኩል በራች፤ ቀለበቱ ሞላ። እኛ ሰፈር ግን የዚያን ቀን ነው ሮቤራ የመጣው።

ከቀትር በፊት ነው። ሱቄ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሮቤራ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ገባ፤ መጥረቢያውን አልደበቀውም።

«አዴ ሶፊ፣ አካም ጂርታ» ብሎ ሰላም አለኝ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ነው። «አንቺን መንካት አልፈልግም። ሰውየውን አውጪልኝ።»

«የለም።»

«ማሎ፣ እባክሽ ከመንገዱ ውጪልኝ።»

አልወጣሁም። አንዱ ጎረምሳ የአምፖል መደርደሪያውን በዱላ ሲጠርገው ረጃጅሞቹ አምፖሎች አንድ ላይ ፈነዱ። ከባድ የሽቦ ጥቅል አንሥቼ ወረወርኩበት፤ ጉልበቱን ስላገኘሁት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሌላው በጥፊ አጮለኝና ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር አጋጨኝ። የፊት ጥርሴን አፌ ውስጥ አገኘሁት። እኔን ረግጠው አልፈው የጓሮውን በር ሰበሩ።

ተድላን በእግሩ ጎትተው አወጡት። አልተከላከለም፤ ያ ነው ያናደደኝ። አስፋልቱ ላይ ጣሉትና እንደ ፈለጉ ረገጡት። ጀሶው ተሰንጥቆ ጣቶቹ ሲወጡ የሰማሁትን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ሰው ከብቦ ያያል። ግማሹ የሱቄ ደንበኛ ነው፣ በዱቤ የወሰደ ሁሉ አለበት፤ አንድም ሰው እጁን አላነሣም። ሮቤራ መጥረቢያውን በሁለት እጁ ያዘና ቀረበ። ደሜን እየተፋሁ መሀላቸው ገባሁ።

«ሮቤራ፣ ነመራ ሞቷል?» አልኩት በኦሮምኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ባለ ደሙ በሕይወት እያለ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትፈርደው? የተቃጠለው እሱ ነው። ይህን ሰው ውሰድና ለነመራ አሳየው፣ እሱ ይጠይቅ። እሱ ነው ካለህ እዚያው አድርገው፤ እኔም አልናገርም።»

ነመራ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። አላየሁም ቢል ተድላ አለቀለት፤ አላየሁም ማለት ደግሞ እውነት ነው። እኔ የፈለግሁት ከዚያች ደቂቃ ማለፍ ብቻ ነበር። ከከበበው ሰው መሀል አንድ ሽማግሌ «ዱጋ፣ እውነቷን ነው፤ ባለቤቱ ይጠየቅ» አሉ። ከዚያ ሌላው ተቀበላቸው። ሮቤራ ሽማግሌውን አልፎ መምታት አልደፈረም። ተድላን ባጃጅ ላይ ወረወሩት፤ እኔም ማንም ሳይጋብዘኝ ገባሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው መጥረቢያውን አይቶ ፊቱን አዞረ። ነመራ ክፍል ስንገባ ድርቤ ተነሥታ አልጋው ፊት ቆመች። ነመራ ወንድሙን አየ፣ መጥረቢያውን አየ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የተጣለውን ተድላን አየ። የተድላ አንድ ዓይን ተዘግቶ ነበር።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለው ሮቤራ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ልጄን ቀበርኩ። አንተንም ልቀብር ነበር። እጀታውን የሳበው ይህ ሰው ነው ወይስ አይደለም? አይተሃል?»

ተድላ ቀና ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል ነመራ ቀደመው።

«አይቻለሁ» አለ። «ዞር ብዬ ነበር። የሳቡት ሰዎቹ ናቸው። ተድላን መሬት ላይ ረግጠው ይዘውት ነበር።»

«ማልልኝ።»

ድርቤ ባሏን አየችው። እኔም አየሁት። ይህ ሰው ለአንድ ሶኬት ዋጋ እንኳ አልምልም ብሎ ስንት ዓመት ያሾፈብኝ ሰው ነው።

«በእግዚአብሔር ስም» አለ ነመራ። «በልጆቼ። አይቻለሁ።»

ሮቤራ ቆሞ ቀረ። መጥረቢያው ከእጁ ላይ ዝቅ አለና ወለሉን ነካ። ከዚያ ግንባሩን ከአልጋው ብረት ጋር እየመታ አለቀሰ፤ ለልጁ መሆኑ ነው፤ የለቅሶው ቀን ሲያለቅስ ማንም አላየውም ነበር። ጎረምሶቹ ደግፈው አወጡት። ድርቤም እንዳይወድቅ ብላ ተከተለችው።

«በሩን ዝጊው ሶፊ» አለኝ ነመራ። ዘጋሁት። ነርስ ልጥራ ብል ቆይ አለኝ።

«ተድላ፣ አሁን ንገረኝ። ማን ነው የሳበው?»

ተድላ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የተሰበረውን እጁን ደረቱ ላይ አቀፈ።

«እኔ ነኝ» አለ።

እኔ ለዚህ ሰው ነው ጥርሴን ያጣሁት ብዬ አሰብኩ። ያገኘሁትን ነገር አንሥቼ ልወረውርበት ስል ነመራ በቀረችው እጁ ተይ አለኝ።

«ጠርቸህ ነበር» አለ ተድላ። «ውረድ ብየ ጩሄ ነበር። ወንዙ ነው መሰለኝ፣ አልሰማኸኝም። እነሱ እጄን ይዘው አይደለም የሳቡት፤ እኔው በቀኝ እጄ ነው የሳብኩት። ለፖሊሱ ልነግረው ነበር፤ ፈራሁ።»

ነመራ ወደ ጣሪያው አየ። ውጭ ሮቤራ ሲያለቅስ ይሰማል።

«በስንተኛው ጣት ነው?» አለው በመጨረሻ።

ተድላ አልገባውም።

«ስንት ከሰበሩብህ በኋላ ነው የሳብከው?»

«አራት። አምስተኛውን ሲይዙት።»

ነመራ ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ተድላ አዙሮ፣ በቀስታ፣

«እኔ ብሆን በመጀመሪያው ጣት እስበው ነበር» አለው።